መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ የሚሸጠው ምን እንደሆነ በደረሰኝ ላይ ይጻፍልን

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የመኪና መለዋወጫ ዋጋና ጥራት በየጊዜው በጋዜጦች ሲነሣ አነባለሁ፤ የኮምፒውተር መለዋወጫ ገበያ ግን ብዙ ሰው የሚጎዳበት ሆኖ ሳለ እምብዛም አይነገርለትም። እኔ በቤቴ የምሠራ የሒሳብ ባለሙያ ስሆን፣ የደንበኞቼ የፒችትሪ (የሒሳብ መያዣ ፕሮግራም) ፋይሎች፣ የግብር ማስታወቂያዎችና ስካን የተደረጉ ደረሰኞች ሁሉ የሚቀመጡት ሳሎን ጥግ ባለች አንዲት ያገለገለች ሰርቨር (ፋይል ማኖሪያ ኮምፒውተር) ላይ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን በቤታቸው የሚያኖሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች፣ የቪዲዮ አቀናባሪዎችና የትናንሽ ድርጅት ባለቤቶች በከተማችን ጥቂት እንዳልሆኑ ስለማውቅ፣ ሰርቨሬ በቅርቡ ተበላሽታ በመለዋወጫ እስክትጠገን ድረስ ያየሁትን መነሻ አድርጌ አንድ ጥያቄ ለማቅረብ እወዳለሁ።

ማሽኗ የቆመችው መብራት ሄዶ ተመልሶ፣ ወዲያውም ደግሞ በሄደበት ምሽት ነው። ከዚያ በኋላ ማብሪያዋ ቢጫን ማራገቢያው አይዞርም፣ ምልክት ሰጪ መብራቷም አይበራም። መጀመሪያ ያያት ጠጋኝ ክዳኗን ከፍቶ ብዙም ሳይቆይ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፤ ሌላ ማሽን ቢገዙ ይሻላል» አለኝ፤ የተበላሸችውንም በትንሽ ዋጋ ሊወስድልኝ ፈቃደኛ መሆኑን ጨመረ። ማዘርቦርድ፣ ማለትም የማሽኑ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ፣ ተቃጥሏል ሲባል የሚከራከር ደንበኛ ስለማይገኝ ይመስለኛል፣ ይህ ፍርድ ሳይለካና ሳይመረመር በብዙ ቦታ ይሰጣል።

ሁለተኛ ያማከርኋቸው ባለሙያ ግን ምንም ከመናገራቸው በፊት ፓወር ሰፕላዩን ከማዘርቦርዱ ነቅለው ለብቻው በቴስተር ለኩት። ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ማሽኑ ወደሚጠቀምበት ዝቅተኛ ኃይል የሚለውጥ ሣጥን ነው። በተለመዱት ኮምፒውተሮች 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ያወጣል፤ በእነዚህ መስመሮች ላይ የሚፈቀደው መዛነፍ በመቶ 5 ብቻ ስለሆነ፣ የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 በታች ከወረደ ወይም ከ12.6 በላይ ከወጣ ሣጥኑ ጤና የለውም ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን ገመዱ ግድግዳው ላይ እስከተሰካ ድረስ ማብሪያው እስኪነካ የሚጠባበቅ ትንሽ ኃይል ሊኖር ይገባል፤ የእኔ ፓወር ሰፕላይ ያንን እንኳ አልሰጠም። ጥፋቱ ያለበት ዕቃ በደቂቃዎች ውስጥ ታወቀ። ሣጥኑን ራሱን መፍታት ግን ላልተማረበት ሰው አልመክርም፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ያሉት ትላልቅ ኃይል አጠራቃሚ ክፍሎች (ካፓሲተሮች) ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ፓወር ሰፕላይ መገናኛ አካባቢ ባሉት ሱቆች ሞልቷል። ኤቲኤክስ የሚባለው የአሠራር መለኪያ በ1995 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ የሣጥኑ መጠንና የሶኬቱ አሰካክ የጋራ ስለሆነ፣ የአንዱ አምራች ፓወር ሰፕላይ ለሌላው ማዘርቦርድ ይሆናል። ለቢሮ ተብለው የሚሠሩ ብዙ ማሽኖች ግን ይህን መለኪያ አይከተሉም። የእኔዋም 24 ቀዳዳ ባለው ሶኬት ፋንታ ከዚያ ያነሰና 12 ቮልት ብቻ የሚቀበል ሶኬት ነው ያላት፤ 5 እና 3.3 ቮልቱን ማዘርቦርዱ ራሱ ያዘጋጃል። ከገባሁባቸው ሱቆች አንዳንዶቹ ማሽኗን ሳያዩ «ይሆናል» ብለው ተራውን ሊሸጡልኝ ፈለጉ፤ አንደኛው ደግሞ የማገናኛ ገመድ ጨምሮ አቀረበልኝ፣ ገመዱ ለየትኛው ሞዴል እንደተሠራ ግን በራሱም ላይ በማሸጊያውም ላይ አልተጻፈም። እነዚህ ማገናኛዎች በመልክ አንድ ሆነው የሽቦዎቻቸው ቅደም ተከተል ሊለያይ ይችላል፤ ደኅና የነበረ ማዘርቦርድ በእውነት የሚቃጠለው ያልተገባው ገመድ የተሰካበት ዕለት ነው። የረዳኝ በተበላሸው ሣጥን ጎን ላይ የታተመው የመለያ ቁጥር ነበር። ቁጥሩን ይዤ ያገለገሉ ማሽኖችን እየፈታ ከሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ ያንኑ ዓይነት አገኘሁ፤ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም፣ ከወደቀ ዕቃ ውስጥ ደኅናውን ለይቶ የማውጣት ሙያ በዚህ ከተማ ከኮምፒውተር ይቀድማልና።

ማሽኗ ስትነሣ ሌላ ችግር ተገለጠ። ሁለት ሃርድ ዲስኮች አሏት፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሥራውን እንዲቀጥል ተብሎ ያው መረጃ በሁለቱም ላይ ይጻፋል። ዲስክ ስለ ራሱ ጤና መዝገብ ይይዛልና፣ አንደኛው የተበላሹ ክፍሎቹን ወደ ትርፍ ቦታ ማዛወር እንደጀመረና መተካት እንዳለበት ከዚያ ታወቀ። ጥንድ ዲስክ ያለው ሰው የመጠባበቂያ ቅጂ አያስፈልገኝም ሲል እሰማለሁ፤ የተሰረዘ ፋይል ግን ከሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ስለሚጠፋ፣ ዲስኩን ከመንካታችን በፊት ሁሉንም ነገር በውጭ ዲስክ ላይ ገለበጥን።

በዚህ ገበያ ውስጥ ገዢው ከሁሉ በላይ ዓይኑን የተሸፈነው በሃርድ ዲስክ ላይ ይመስለኛል። ዲስክ በጤና መዝገቡ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሠራም ይቆጥራል። ዓመት 8,760 ሰዓት ስለሆነ፣ በደኅንነት ካሜራ መቅረጫ ውስጥ ሌት ተቀን ሦስት ዓመት የሠራ ዲስክ ከ26,000 ሰዓት በላይ ተመዝግቦበት ይመጣል። እንዲህ ያለውን ዲስክ በሚገባው ዋጋ መሸጥ ነውር የለበትም፤ ነውሩ በአዲስ ፕላስቲክ ጠቅልሎ «ካርቶኑ ጠፍቶ ነው እንጂ አዲስ ነው» ማለቱ ላይ ነው። አንድ ነጋዴ ዲስኩን በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ሰዓቱን እንዲያሳየኝ ብጠይቀው «እዚህ አይሞከርም» ብሎ መለሰልኝ። ከእሱ ጥቂት በሮች አልፎ ያለው ሌላው ግን እኔ ሳልጠይቅ ሰክቶ አሳየኝ፤ የተመዘገበው ሰዓት ብዙ ቢሆንም የተዛወረ ክፍል አልነበረውም፣ ዋጋውም ያንን ያገናዘበ ስለነበር ከእሱ ገዛሁ። ቆጣሪው ራሱም ቢሆን ፍጹም ዋስትና አይደለም፤ በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በአውሮፓ ያገለገሉ ዲስኮች የሰዓት መዝገባቸው እየተሰረዘ እንደ አዲስ ሲሸጡ መገኘታቸው በይፋ ተዘግቧል። የተደራጀ ቁጥጥር ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ እኛ ዘንድ ቢያንስ ቆጣሪውን የማየት መብት ሊኖረን ይገባል።

ማሽኑ ሲሠራ መረጃን ለጊዜው ስለሚይዝበት ራም ስለሚባለው ዕቃ ብዙ አልልም። ለሰርቨር የተሠራውና ለተራ ኮምፒውተር የተሠራው ዲዲአር4 የሚባለው ዓይነት ራም ሁለቱም 288 እግር ስላላቸው አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል፤ ማሽኑ ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም፣ ደንበኛውም እንደገና ማዘርቦርዱ ተቃጠለ ይባላል።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። እኔ የምጠይቀው ይህ መብት በኮምፒውተር መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ መልክ እንዲይዝ ነው። ደረሰኙ ላይ «ፓወር ሰፕላይ 1» ወይም «ዲስክ 1» ተብሎ ከሚጻፍ ይልቅ የዕቃው የመለያ ቁጥር፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ፣ ዲስክ ከሆነም በተሸጠበት ቀን የተነበበው ሰዓት ይጻፍ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ስለናረ፣ ያልሆነ ዕቃ ገዝቶ ጥግ ላይ መጣል ለማናችንም የሚቻል አይደለም።

ነጋዴዎቹ የሚሰጡት መልስ እንዳለ አውቃለሁ። ዕቃውን ወስዶ በራሱ ማሽን ላይ አቃጥሎ «ስትሰጡኝ ተበላሽቶ ነበር» ብሎ የሚመልስ ደንበኛ አለ፤ የተሸጠለትን አስቀርቶ የራሱን ብልሹ የሚያመጣም አይጠፋም። ይህ ሥጋት እውነተኛ ስለሆነ መመለስን ያለ ገደብ መፍቀድ ይገባል አልልም። ዕቃው ገና ከሱቁ ሳይወጣ ሁለቱም ወገኖች እያዩ ቢሞከርና የመለያ ቁጥሩ በደረሰኙ ላይ ቢሰፍር ግን አብዛኛው ክርክር በዚያው ያልቃል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቴስተርና አንድ የመሞከሪያ ኮምፒውተር ነው፣ ሁለቱም በየሱቁ አሉ።

ለጠጋኞችም አንድ ነገር መጨመር ያስፈልገኛል። ከማሽን ላይ የተነቀለ ዕቃ ተበላሽቷል ቢባልም የባለቤቱ ንብረት ስለሆነ ሊመለስለት ይገባል፤ በተለይ ሃርድ ዲስክ። እኔ ያንን የታመመ ዲስክ ተቀብዬ ባላስቀምጠው ኖሮ የደንበኞቼ የደመወዝ መዝገብና የግብር መለያ ቁጥር በላዩ እንዳለ ወደማላውቀው እጅ ይሄድ ነበር። ደንበኛውን ሳይጠይቁ ዲስክ ፎርማት ማድረግም ከዚሁ የሚቆጠር ነው፤ የተበላሸው ፓወር ሰፕላይ ሆኖ ሳለ የዓመታት ሥራቸው ተሰርዞ የተመለሰላቸውን የሙያ ባልደረቦቼን አውቃለሁ።

ዝግጅት ክፍላችሁ የአዲስ አበባ ንግድ ቢሮ የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ሱቆች ደረሰኝ ላይ ምን እንዲጻፍ እንደሚያዝ፣ ይህንንም በምን መንገድ እንደሚቆጣጠር ጠይቆ መልሱን በጋዜጣው ላይ ቢያወጣልን፣ እኔም ሆንሁ እንደ እኔ በቤታቸው የሚሠሩ አንባቢዎች የሚጠቅመን ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ ባለሙያ
ከየካ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ