ዓይኔን ላበራችሁልኝ ሁሉ የከበረ ምስጋና

ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ቀን ያበቃኝ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን።

በሐረር ጀጎል፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ዕድሜዬን በስፌት የገፋሁ ሰው ነኝ። ከ3 ዓመት በፊት የቀኝ ዓይኔ ሞራ በቀዶ ሕክምና ተገፎልኝ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ችዬ የነበረ ቢሆንም፣ ባለፈው ዓመት ያው ዓይኔ ቀስ በቀስ ጭጋግ ለበሰ፤ ማታ ማታም የባጃጅ መብራት እየተበተነ ያጥበረብረኝ ጀመር። አንድ ደንበኛዬ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪውን በጥቁር ክር ዘምዝሜ ብሰጠው፣ ፀሐይ ላይ አውጥቶ ካሳየኝ በኋላ ሳይቆጣ «ጋሼ፣ ዓይንዎን ይታዩ እንጂ» አለኝ። የመጀመሪያው ምስጋናዬ ለእርሱ ነው።

ሞራው የተመለሰ መስሎኝ ቀዶ ሕክምናውን የሠራልኝን ሐኪም በየሰፈሩ አምቼዋለሁ። የመረመረችኝ ዶክተር ግን በትዕግሥት አስረዳችኝ፦ በቀዶ ሕክምና የሚወጣው የደፈረሰው ሌንስ ሲሆን፣ እርሱን ይዞት የነበረው ስስ ከረጢት ሰው ሠራሹን ሌንስ እንዲሸከም ሆን ተብሎ ይተዋል፤ በከረጢቱ ላይ የቀሩ ጥቃቅን ሕዋሳት በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ ተባዝተው ጀርባውን ሲያለብሱት ብርሃን ተበታትኖ ስለሚገባ፣ ፊደል ይደበዝዛል፣ ተቀራራቢ ቀለማትም ይመሳሰላሉ። የተወገደ ሞራ ተመልሶ አይመጣም፤ የሐኪሙም ጥፋት አልነበረም። ያን ሐኪም ከልብ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ አመሰግነዋለሁም።

ሕክምናው ቢላ አልነካውም። ብሌኔ በጠብታ ከሰፋ በኋላ አገጬን መሣሪያው ላይ አሳርፌ፣ የሌዘር ጨረር የከረጢቱን መሐል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያለ ሕመም ከፈተልኝ። የዓይኔን ግፊት ለክተው፣ ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካየሁ ሳልውል ሳላድር እንድመጣ አስጠንቅቀው ሸኙኝ፤ አልፎ አልፎ የዓይን ውስጠኛው መጋረጃ ሊላቀቅ ይችላልና። በማግስቱ ሁለቱን የክር ጥቅሎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ብመለከት፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ ሆነው ታዩኝ።

ለዶክተሯ፣ ጭንቅላቴን ደግፋ ላረጋጋችኝ ሲስተር፣ ሥራዋን ትታ ላስታመመችኝ ልጄ፣ እንዲሁም የተቆረጠውን ጨርቅ ሁሉ ተከፋፍለው ሰፍተው ገንዘቡን ለቤቴ ላስረከቡ የሙያ ጓደኞቼ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። የደንበኛዬም ሱሪ በሰማያዊ ክር እንደገና ተዘምዝሞ፣ ተተኩሶ ተሰቅሏል፤ ያለ ክፍያ መጥቶ ይውሰድልኝ።