የፓኬቱ ጀርባ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

አባቴ የደም ግፊት ስላለባቸው ወጣቸው የሚሠራው ያለ ጨው ነው። ከሱቅ የምንገዛላቸውን የታሸገ ሾርባ ግን ማናችንም አልጠረጠርነውም። እንደ ብዙው ሰው የማብቂያ ቀኑን አይተን እንገዛለን፤ አለቀ። ባለፈው ሳምንት ጀርባውን አነበብሁ። ጽሑፉ እንግሊዝኛና ዓረብኛ፣ ፊደሉ የጤፍ ፍሬ ያህል ነው። ጨው የሚል ቃል የለም፤ ለአንድ ሰሃን 800 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይላል። ሶዲየም ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ነው፤ መጠኑ በ2.5 ሲባዛ የጨውን መጠን ይሰጣል፤ ይኸውም 2 ግራም ጨው ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ሲሆን፣ አባቴ እራት ላይ ሁለት ሰሃን ይጠጣሉ። አስመጪዎች ቢያንስ ይህችን አንዲት መስመር በአማርኛ፣ በሚነበብ ፊደል ቢለጥፉልን ምን ይከብዳቸዋል?

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ