ፏፏቴው አለ ወይ ላልከኝ

ሸንበቆ፣ እንዴት ባጀህ? እቴጌና ልጅህስ?

መልእክትህ የደረሰኝ በጥምቀት ሰሞን ነበር። ይኸው ሰኔ ገባ። አውቃለሁ፣ ልትሰድበኝ ነው፤ ስደበኝ። ለእናትህ ተዝካርም አልመጣሁም። መንገዱ ተዘግቶ ነበር ብዬህ ነበር፤ እውነትም ተዘግቶ ነበር። ከተከፈተ በኋላ ለምን አልደወልክም ብትለኝ ግን መልስ የለኝም። አፈርኩ፣ ሲቆይ ደግሞ ይበልጥ አፈርኩ፣ በዚያው ሦስት ዓመት ሄደ።

ልጅህ ከድሮ መጽሐፍ ውስጥ የወረቀት አንድ ብር አግኝታ «አባዬ፣ ይሄ ፏፏቴ ያንተ አገር ነው አይደል፣ አሁንም አለ?» አለችኝ ብለህ ጻፍክልኝ። አንዲት መስመር ናት። አለ ብልህ ውሸት ሊሆን ነው፣ የለም ብልህም ውሸት ነው። የዘገየሁት ለዚህም ነው።

ያቺ ብር መቼም ትዝ ትልሃለች። ብሩ ሳንቲም ከሆነ ወዲህ ወረቀቷም እየጠፋች ሄደች። እኛ ግን በሷ ስንት ነገር ሠርተናል! ጢስ አባይን ሊያይ የመጣ ፈረንጅ ፊት ኖቱን ዘርግተን «ሚስተር፣ ይሄ ያ ነው» እንል ነበር። 45 ሜትር ቁመት፣ ክረምት ላይ 400 ሜትር ስፋት፣ ይህን በእንግሊዝኛ ከስማችን ቀድመን ነው ያወቅነው። የአላታን ድልድይ ደግሞ አንተ «በኖራና በእንቁላል የተሠራ ነው» ትላቸዋለህ፤ ስንት እንቁላል ብለው ሲጠይቁህ ያለምንም ሐፍረት አንድ ሚሊዮን ትላለህ። አሁንም እዚያ ድልድይ ላይ ስደርስ ብቻዬን እስቃለሁ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ያን ሁሉ ጎርፍ የቻለ ድልድይ፣ ያንተን ውሸትም ቻለው።

ከባሕር ዳር እስከ እኛ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው። በዚያ ኮረኮንች ግን አውቶቡሱ ሲደርስ ሰው ሁሉ ከዱቄት ወፍጮ የወጣ ይመስል ነበር። ፈረንጅ ሲወርድ እኛ፣ ሸንኮራ ሻጩ፣ የቅል ዕቃ ሻጯ፣ ባለ ነጠላው፣ ሁላችንም እንከበዋለን። ከተማችን ማለት ያ ነበር። አንድ መንገድ፣ ሁለቱም ዳር ላይ ሱቅና ጠጅ ቤት፣ መጨረሻው ላይ ውሃ።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ካደግኩ በኋላ ነው የገባኝ። እኛ ሁልጊዜ ባሕር ዳርን እንደ ታላቅ እህት ነበር የምናያት። እሷ ከተማ፣ እኛ ገጠር። ግን ባሕር ዳር ራሷ እኮ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰባሰበች መንደር ነበረች። በ1950ዎቹ ነው ነገሩ የተቀየረው። ከጣሊያን በተከፈለው የጦር ካሳ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተተከለ፣ ሶቪየቶች ፖሊ ቴክኒኩን ሠሩላት፣ ጀርመኖች ፕላን አወጡላት፣ ሰፋፊ መንገድ፣ ዘንባባ፣ ያ ሁሉ። ፋብሪካው በምን ይዞራል? በእኛ ውሃ! በ1956 የመጀመሪያው የጢስ አባይ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። አያቴ ድንጋይ ተሸክሞበታል፤ እስኪሞት ድረስ አምፖል ሲበራ ባየ ቁጥር «ይቺ የኔ ላብ ናት» ይል ነበር። አጋነነ ማለት ይቻላል። ብዙም አላጋነነም።

ያ የመጀመሪያው 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። ከወንዙ የሚወስደው ጥቂት ነው። ውሃው ከፏፏቴው በላይ ይጠለፋል፣ በቦይ ይዞራል፣ ተርባይኑን ገፍቶ ከፏፏቴው በታች ተመልሶ አባይን ይቀላቀላል። አባይ ለዚህች አይሞላም አይጎድልም። እኛ ልጅ ሆነን ያየነው ፏፏቴ ማመንጫው እያለ ያየነው ነው እኮ፣ ጎረቤት ሆነው ኖረዋል።

ነገሩ የመጣው በኋላ ነው። በ1988 ጣና አፉ ላይ፣ ጨረጨራ፣ በር ያለው ግድብ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ አባይ ከሐይቁ የሚወጣው በቁልፍ ነው። በ1993 ሁለተኛው ማመንጫ መጣ፣ 73 ሜጋ ዋት። ይሄኛው ጎርሶ ዝም የሚል አልነበረም፤ በጋ ላይ አብዛኛው ውሃ ወደ ቦዩ ገባ። ያን ዓመት ትዝ ይልሃል? አንተ ለመሄድ ልብስህን እያዘጋጀህ ነበር። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ እስከ ላይ ወጥታ፣ ጥቁሩን አለትና በአንድ ጥግ የሚንጠባጠበውን ክር አይታ፣ መጀመሪያ መንገድ የተሳሳትን መስሏት ወደ እኔ ዞረች። እኔ ደግሞ ያችን አንድ ብር በእጄ ይዣለሁ። መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ አላሳየሁም።

ከዚያስ? በ2002 በለስ መጣ። ከጣና ውሃ በዋሻ ተወስዶ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል፣ ከዚያ በበለስ ወንዝ ይወርዳል። እሱ ሲመጣ የእኛዎቹ ማመንጫዎች ተጠባባቂ ሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተኝተው ነው የሚውሉት። አስበው እስቲ፣ ፏፏቴውን ለማመንጫው ሰጠን፣ ማመንጫውን ደግሞ ለበለስ! የሚገርመው ግን በለስም ታች ወርዶ አባይን ይቀላቀላል፣ በእኛ በኩል የሄደውም በዚያ የሄደውም ታላቁ ግድብ ላይ ይገናኛል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ጠጅ ቤቱ ሞልቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ቴሌቪዥኑን እያዩ «እቺ ከጓሮዬ የሄደች ውሃ ናት» አሉ። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም ከልቤ ነው ያጨበጨብኩት፣ ሌላ እንዳይመስልህ። መብራት የሚጠላ ሰው የለም። የሚያበሳጨኝ የእኛን ድርሻ ማንም አለማንሳቱ ነው፤ የባሕር ዳርን ታሪክ የሚያወራ ሁሉ ከሐይቁ ጀምሮ ሐይቁ ላይ ይጨርሳል።

አሁን «ሳተላይት ከተማ» ነን። እኛ፣ መሸንቲ፣ ዘጌ፣ ዘንዘልማ፣ በባሕር ዳር ሥር። መጀመሪያ ስሰማ ዲሽ ሊተክሉልን መስሎኝ ነበር። ከመጥፎው ጋር ጥሩም አለ፤ ቦታ ዋጋ አውጥቷል፣ የአባትህን ቦታ ላየው የሚመጣ ሰው አይጠፋም፣ አትሽጥ። ወጣቱ ግን ጠዋት ወደዚያ ይጫናል፣ ማታ ከቻለ ይመለሳል። ከእሱ ጋር ጫቱም ይጫናል። ድሮ እንግዳ ከባሕር ዳር ወደ እኛ ይመጣ ነበር፣ አሁን እኛ ነን ወደ እሷ የምንሄደው። በኮሮናውና በጦርነቱ ምክንያት ፈረንጅ ካየሁም ቆየሁ። እኔ ራሴ ማስጎብኘቱን ትቼ ወንዙ ዳር ሽንኩርት እተክላለሁ፣ በሞተር እየሳብኩ። ውሃው በዚህም በዚያም እንጀራዬ ነው።

ባሕር ዳርንማ ብታያት አታውቃትም። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ ማታ በመብራት ያሸበርቃል፣ ሙሽራ ሁሉ ፎቶ የሚነሳው እዚያ ነው። እኔም ለአንድ ዘመድ ሠርግ ሄጄ ቆሜ ታች አየሁ። ያ ውሃ ነገ ጠዋት በእኛ በር ያልፋል ብዬ አሰብኩ። የሚያልፈው እንኳ የተፈቀደለት ነው።

ለልጅህ እንግዲህ እንዲህ በላት፦ ክረምት ላይ አለ። ነሐሴ መጨረሻ፣ ሐይቁ ሲሞላና በሩ ሲከፈት፣ ያ ድምፅ እንደ ድሮው ቤት ድረስ ይመጣል፣ ጢሱም ይነሳል። ድሮ ያየነውን ያህል ይሁን አይሁን አልከራከርም፣ እኔ ትንሽ ሳለሁ ሁሉም ነገር ትልቅ ነበር። መንገዱ ሰላም ከሆነ ይዘሃት ና። በተንጠልጣዩ ድልድይ ስትሻገር ትፈራ ይሆናል፣ እጇን እይዛታለሁ። ብሯንም ይዛ ትምጣ። ስንት እንቁላል እንደፈጀ ከጠየቀችኝ ግን ወደ አንተ ነው የምልካት።

በዚህ ቁጥር ደውል፣ የድሮው ጠፍቷል።

ያንተው፣ አስጎብኚው
ጢስ አባይ