የተራራው አናት ሲናድ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያና በምሥራቅ ኬንታኪ፣ የአፓላቺያን ተራሮች አናት እየናዱ የድንጋይ ከሰል የማውጣት ሥራ በእኛ ጋዜጦች እምብዛም አይነሳም፤ ብዙዎቻችን ግን ከዚያ በጥቂት ሰዓታት የመኪና መንገድ ርቀት፣ በዋሽንግተን ዙሪያ እንኖራለን።

አሠራሩን ቁፋሮ ብሎ መጥራት ያስቸግራል። ደኑ ከተመነጠረ በኋላ፣ ከሥሩ ያለውን የከሰል ንብርብር ለማግኘት የተራራው አናት በፈንጂ ይፈርሳል፤ ፍርስራሹም በአጠገቡ ወዳለው ሸለቆ እየተገፋ የጅረቶችን መነሻ ይቀብራል። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደገለጸው በዚህ መንገድ የተደፈኑት ጅረቶች ርዝመት ወደ 3,200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከሙሌቱ የሚወጣው ውኃ የሚሸከመው ሴሊኒየም የተባለ ንጥረ ነገር ደግሞ የዓሣ ጫጩቶችን አካል ያጎድላል።

በግርጌው የሚኖሩት ሰዎች የቤታቸው ግድግዳ በፍንዳታ ሲሰነጠቅ፣ የጉድጓድ ውኃቸውም ሲደፈርስ ያያሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ፣ በተራራው ላይ ያረፉ ወላጆቻቸውንና አያቶቻቸውን መቃብር ለመጎብኘት እንኳ ከማዕድን ኩባንያው ጋር መነጋገር የሚኖርባቸው ቤተሰቦች መኖራቸው ነው። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ምክንያት የሥራ ዕድል ነው፤ ነገር ግን ፈንጂና ግዙፍ ማሽኖች ቀድሞ ከመሬት በታች ይሠሩ የነበሩትን ብዙ ሠራተኞች ተክተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የማዕድን ሕግ የተቆፈረ መሬት ወደ ቀድሞ ቅርጹ እንዲመለስ ቢያዝም፣ አናታቸው የተናደ ተራሮችን በልዩ ሁኔታ ከግዴታው ነፃ ያደርጋል። በአሜሪካ የመምረጥ መብት ያለን ሰዎች ይህ ልዩ ፈቃድ እንዲሰረዝ እንደራሴዎቻችንን እንድንጠይቅ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከቨርጂኒያ አንድ አንባቢ