ልጄ፣ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ

ልጄ፣

አክስትሽ ደውላ ሁሉን ነገረችኝ። ፊልሙ ላይ መርጠውሽ ኮንትራት ሰጥተውሻል አሉ። እሰይ! ግን «ዓርብ እፈርማለሁ» ማለትሽን ስሰማ እንቅልፌ ጠፋ። ለመሆኑ አንብበሽዋል? ስንት ዓመት ነው የሚያስርሽ? ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። አጎትሽ በአንድ ፊርማ የሆነውን ታውቂዋለሽ፤ አልደግመውም።

ኦሊቪያ ዴ ሃቪላንድን ትረሻታለሽ ብዬ አላስብም። «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብለን ያነበብነው ልቦለድ ፊልም ሲሆን ሜላኒን የተጫወተችው። አንቺ «ያቺ ደግ ሴትዮ» ነበር የምትያት። ደግነቷ ለካሜራ ነው፤ ኮስታራ ሴት ነበረች።

ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ። በ1936 ከፊልም ስቱዲዮው ከዋርነር ብራዘርስ ጋር ሰባት ዓመት የሚዘልቅ ውል ስትገባ ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም። ይሄን አልጫወትም ስትል ያግዷታል። ደመወዝ የለም። የታገደችበት ጊዜ ደግሞ ውሉ መጨረሻ ላይ ይቀጠላል። ተንኮሉን አየሽው? እምቢ ባለች ቁጥር ውሉ ይረዝማል። በ1943 ሰባቱ ዓመት አለቀልኝ ስትል፣ ገና ስድስት ወር ይቀርሻል አሏት።

ከሰሰቻቸው። የካሊፎርኒያ ሕግ ሠራተኛን ከሰባት ዓመት በላይ በውል ማሰር አይፈቅድም። ስቱዲዮው የሚቆጠረው የሠራችበት ጊዜ ብቻ ነው ሲል፣ እሷ ዓመት ማለት ዓመት ነው አለች። በ1944 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ለእሷ ፈረደ። በክሱ የተነሳ ግን ሁለት ዓመት ያህል የትኛውም ስቱዲዮ አላሠራትም። በታወቀችበት ዕድሜ ቤት መዋል ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። በኋላ ሁለት ኦስካር ወሰደች። ፓሪስ ገባች፣ በ1988 ትወናውን ተወች፣ በ2020 በ104 ዓመቷ እዚያው አረፈች። ሕጉ ዛሬም በስሟ ይጠራል።

እሷ ፍርድ ቤት ለመሄድ ገንዘብም ስምም ነበራት። አንቺ ምን አለሽ? ስለዚህ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ።

ላስቀርሽ ብዬ እንዳይመስልሽ። እኔም መድረክ ያምረኝ ነበር። አያትሽ አይሆንም አሉ፤ በዚያው ቀረ። እስከ ዛሬ ቲያትር ሳይ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። አንቺ ግን ሥሪ። መስታወት ፊት ቆመሽ እኛን ሁላችንን ስትኮርጂን ያኔ ነው የገባኝ።

የውሉን ፎቶ ዛሬ ማታ ላኪልኝ። ሁሉንም ገጽ፣ ጀርባውንም። «ሊራዘም ይችላል» የሚል ካለ አስምሪበት፤ ማን ነው የሚያራዝመው ብለሽ ጠይቂ። ሌላ ቦታ መሥራት ይከለክል እንደሆነም እይ። የሕግ ባለሙያ ያንብብልሽ፤ ሂሳቡን እኔ እችላለሁ። ቸኩለናል ካሉሽ ይቸኩሉ። ዓርብ ካሉሽ ሰኞ በያቸው።

ሳሉስ ለቀቀሽ?

እናትሽ