ባክአፕ ሲዘገይ ሰርቨሩን ከመወንጀል በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ዳታቤዝ (የተደራጀ የመረጃ ማከማቻ) ተበላሽቶ ከባክአፕ (ከመጠባበቂያ ቅጂው) መልሶ መጫኑ ሰዓታት ሲፈጅ መጀመሪያ የሚሰማው «ሰርቨሩ አቅም የለውም፣ አዲስ ይገዛ» የሚል ድምፅ ነው። እኔ በዳታቤዝ አስተዳዳሪነት የምሠራ ሰው ነኝ፤ ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ያለ ምርመራ መሰጠቱ ስለሚያሳስበኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

እኔም በዚሁ ተሳስቼ አውቃለሁ። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር አንድ ባክአፕ ሌሊቱን ሙሉ ሲጫን አድሮ ሲነጋም አላለቀም ነበር፤ ጥፋቱን በዲስኩ ላይ ካሳበብኩ በኋላ የሰርቨሩን እንቅስቃሴ ስመለከት ግን ከ8ቱ የፕሮሰሰር ኮሮች (ሥራውን ከሚያስኬዱት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) አንዱ ብቻ በሙሉ አቅሙ እየሠራ፣ 7ቱ ሥራ ፈትተው፣ ዲስኩም እምብዛም ሳይጨናነቅ አገኘሁት። ባክአፑ የተወሰደው በተራ የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ማዘዣ ቋንቋ) ጽሑፍ ስለነበር ትእዛዞቹን ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ከማስፈጸም ሌላ መንገድ አልነበረም። ከስተም ወይም ዳይሬክተሪ በተባሉት የባክአፕ ፎርማቶች ተወስዶ ቢሆን ኖሮ፣ ፒጂ ሪስቶር የተባለው የፖስትግሬስኪውኤል መጫኛ ፕሮግራም ሥራውን ለብዙ ኮሮች አከፋፍሎ ጎን ለጎን ይጭነው ነበር። መዘግየቱ የተወሰነው ባክአፑ በተወሰደበት ቀን ነው ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላው ደግሞ የመረጃው መግባት ሳይሆን ኢንዴክሶችን (መረጃን በፍጥነት ለማግኘት የሚረዱ ማውጫዎችን) እንደ አዲስ መገንባቱ ነው። ለዚህ ሥራ ፖስትግሬስኪውኤል ቅንብሩ ካልተቀየረ የሚመድበው ሜሞሪ 64 ሜጋባይት ብቻ በመሆኑ፣ ጭነቱ እስኪያልቅ ከፍ አድርጎ ኋላ ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል።

ኤስኪውኤል ሰርቨር በተባለው የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ሶፍትዌር የሚሠሩ ባልደረቦቼ የሚያማርሩት ሌላ ነው፤ ጭነቱ ተጀምሮ የሂደቱ መቶኛ ለረጅም ጊዜ ከ0 አይንቀሳቀስም። በዚያ ሰዓት ሲስተሙ ፋይሎቹን በዜሮ እየሞላ ሊሆን ይችላል። ለዳታ ፋይሎች ተገቢው ፈቃድ ኤስኪውኤል ሰርቨር ለሚሠራበት አካውንት ከተሰጠ ይህ ሥራ ይቀራል፤ የሎግ ፋይል (የለውጦች መዝገብ) ግን በዚህ ፈቃድ አይታለፍም፣ ስለዚህ ያለ ልክ እንዲያብጥ የተተወ ሎግ፣ ውስጡ ባዶ ቢሆን እንኳ፣ በችግር ቀን ዋጋ ያስከፍላል።

ስለሆነም የሰርቨር ግዢ ጥያቄ ለፊርማ የሚቀርብላቸው ኃላፊዎች፣ ሰዓቱ በንባብ፣ በጽሕፈት፣ በኢንዴክስ ግንባታ ወይስ በመጨረሻው የሎግ ማጣራት (ያለቁ ለውጦችን አጽንቶ ያላለቁትን መሻር) ላይ እንደጠፋ የሚያሳይ ማስረጃ አብሮ እንዲቀርብ እንዲጠይቁ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የዳታቤዝ ባለሙያ