እማዬ፣ ውሻው እቤት ውስጥ ነው

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ልጆቹም «አያታችንን ሰላም በልልን» ብለዋል።

ባለፈው በስልክ «ውሻ? እቤት ውስጥ? በስመ አብ!» እንዳልሽ መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን አንቺ እስካሁን አላወቅኩም። ደግሜ ስደውል ወሬ ቀየርሽ። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። አሁን ወደ ደሴ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ አርፌ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። ፎቶውንም ከደብዳቤው ጋር አድርጌዋለሁ። አይተሽ ፍረጂ።

አዎ፣ ውሻው እቤት ውስጥ ነው። እኛ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ግቢ የለን፣ አጥር የለን። እዚህ ውሻ ዘበኛ አይደለም። ልጆቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምነውኛል። «እኛ እናበላዋለን፣ እኛ እናወጣዋለን፣ እኛ እናጸዳለን» ብለው ማሉ። ቡችላው በስምንት ሳምንቱ ከእናቱ ተለይቶ ለገና ሰሞን መጣ። መሐላው ጥምቀትን አልተሻገረም።

ስሙ ዳቦ ነው። መልኩ ከምጣድ እንደወጣ ድፎ ዳቦ ስለሆነ ልጅቷ ናት ያወጣችለት። ይህ ሰፈር ደግሞ ሐበሻ የሞላበት ነው። መንገድ ላይ «ዳቦ! ዳቦ!» ብዬ ስጣራ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው «ስንት ነው የምትሸጠው ልጄ?» አሉኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ባትጠይቂኝ ይሻላል። ምንጣፉ ላይ ሸና። የልጁ የትምህርት ቤት ቦርሳ ላይ ሸና። አንድ ጠዋት ጫማዬን ሳጠልቅ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። አንድ ማታ ደግሞ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ሲገባ፣ ሃያ ደቂቃ ውጭ አብሬው ቆምኩ። ምንም የለም። በረዶውን እያሸተተ ሲዞር ቆየ። ጣቴ ሲደነዝዝ ይዤው ተመለስኩ። ሊፍት ውስጥ ገብተን በሩ እንደተዘጋ ቁጭ አለና ለቀቀው። አብራን የነበረችው ጎረቤታችን ቦርሳዋን ወደ ላይ፣ እግሯን ወደ ጥግ አደረገች። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ያኔ ልጅ ሆኜ ከመንገድ ያመጣሁትን ቡችላ ታስታውሺያለሽ? በካርቶን አድርጌ አልጋ ሥር የደበቅኩትን? ሰሌኑ ላይ ሸንቶ ስትደርሺበት አፍንጫውን አስነክተሽ፣ በጥፊ ብለሽ፣ አንገቱን ይዘሽ ወደ ግቢ። ከዚያ በኋላ እስኪያረጅ እቤት ገብቶ አያውቅም፤ ደፋር ብለነው በሩን ሲጠብቅ ኖረ። እኔም የማውቀው ዘዴ ያ ብቻ ስለነበር ዳቦ ላይ ሞከርኩት። አትዘኚብኝ፣ በቀስታ ነው። በሁለት ቀን ፊታችን ላይ መሽናቱን ተወ። ተማረ ብዬ ደስ አለኝ። ከሶፋው ጀርባ ሽታ እስኪመጣ ድረስ ነው ታዲያ። ለካ የተማረው «ሰው እያየህ አትሽና» የሚለውን ነው!

የእንስሳት ሐኪሟ ይህን ስነግራት ሳቀች። ከደቂቃዎች በፊት ለሸናው ሽንት አሁን ብትቆጣው ሁለቱን አያገናኛቸውም አለችኝ። እኔ ደግሞ «ጥፋቱን ያውቃል እኮ፣ ፊቱ ይናገራል» ብዬ ተከራከርኩ። እዚሁ አሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ባለው ባርናርድ ኮሌጅ የምታስተምር አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የምትባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንኑ ነገር በ14 ውሾች ሞክራ አይታዋለች። ውሻው ጆሮውን ጥሎ የሚለማመጠው ጌታው ሲቆጣው ነው፤ ያጥፋም አያጥፋም። እንዲያውም ምንም ሳያጠፉ የተቆጧቸው ናቸው ይበልጥ አንገታቸውን የደፉት። ይህን ሳነብ ትንሿ እህቴ ትዝ አለችኝ። ስኳሩን የምበላው እኔ፣ ስትቆጪን የምታለቅሰው እሷ።

ከዚያ ሐኪሟ ትክክለኛውን መንገድ ታስረዳኝ ጀመር። እኔ ሳቄ መጣ። ምን ያስቅሃል አለችኝ። ምን ልበላት? እማዬ፣ ያንቺ ዘዴ እኮ ነው!

ትንሿን እንዴት እንዳሳደግሻት አስቢው። ገና ከእንቅልፏ ስትነቃ፣ ሳትጠይቂያት፣ ብድግ አድርገሽ ፖፖ ላይ። ጠብታ ጡት ጠጥታ ትንሽ ቆይታ፣ ፖፖ ላይ። ማታ ከመተኛቷ በፊት፣ ፖፖ ላይ። ከዚያ «ሽሽሽ» ትያታለሽ። ከሸናች እልልታ፤ «ጎሽ የኔ አንበሳ!» ቤቱ ሠርግ ይመስል ነበር። ካልሸናችም ቁጣ የለም፤ ትንሽ ቆይተሽ መልሰሽ ታስቀምጫታለሽ።

ቡችላም እንደዚያው ነው። ሲነቃ ወዲያው ውጭ። ከበላ በኋላ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ውጭ። ተጫውቶ ሲያበቃ ውጭ። መሬት እያሸተተ ክብ መዞር ከጀመረ ደግሞ ጫማሽን ለማሰር ጊዜ የለሽም፣ አቅፈሽው መሮጥ ነው። የሁለት ወር ቡችላ ቢበዛ ሁለት ሦስት ሰዓት ነው የሚይዘው። በግምት በዕድሜው ወር ላይ አንድ ጨምሪበት፤ ያ ነው የሚችለው ሰዓት፣ እሱም ከቻለ። እኛ ቀን ቀን ሁለት ሰዓት እንኳ አልጠበቅነውም። የሚሸናበትንም ቦታ አንቀያይርም። አንዲት ዛፍ ሥር ናት። የትናንቱ ሽታ የዛሬውን ያስታውሰዋል። እዚያ ቆሜ «ሽሽሽ» እለዋለሁ። ባለቤቴ መስኮት ላይ ሆና ትስቅብኛለች። ፈረንጆቹ ምን ዓይነት ትእዛዝ ነው ብለው ይጠይቁኛል። የእናቴ ነው እላቸዋለሁ።

ሲጨርስ ወዲያውኑ፣ እዚያው ዛፉ ሥር፣ ቁራሽ ሥጋ። ቤት ገብቼ ብሰጠው ስለገባ የተሸለመ ይመስለዋል። (በጾም ኪሴ ውስጥ ሥጋ ይዤ ስዞር አልቀመስኩም፣ እመኚኝ።) ካካውንም በላስቲክ ለቅሜ እጥላለሁ። አዎ፣ ልጅሽ አሜሪካ መጥቶ የውሻ ካካ ለቃሚ ሆኗል። ለጎረቤት አትንገሪ።

ክትባቱ እስኪያልቅ ሌሎች ውሾች የሚመላለሱበት ሣር ላይ አላወርደውም ነበር። ፓርቮ የሚባል ቡችላ የሚፈጅ በሽታ አለ፤ አፈር ላይ ወራት ይቆያል። ስለዚህ እስከ ዛፏ ድረስ እንደ ሕፃን ታቅፎ ነበር የሚሄደው። አሁን አራት ወር ሊሞላው ስለሆነ ቀስ በቀስ እየተውኩት ነው። የእብድ ውሻ ክትባቱንም በሚቀጥለው ሳምንት ይወጋል። ታላቅ ወንድሜን ውሻ ነክሶት አዲስ አበባ ፓስተር ድረስ ይዘሽው ሄደሽ በየቀኑ ሆዱን ሲወጋ የጮኸው ጩኸት እስከዛሬ በጆሮዬ አለ። በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም።

ሌሊት የሚተኛው የሽቦ ቤቱ ውስጥ ነው። እስር ቤት እንዳይመስልሽ። ቆሞ የሚዞርበት፣ ተዘርግቶ የሚተኛበት ያህል ናት፤ ከዚያ አትሰፋም። ውሻ የሚተኛበትን ማቆሸሽ አይወድም። ሰፊ ከሆነችለት ግን አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን ሽንት ቤት ያደርጋታል። ሞኝ አይደለም።

ሥዕሎቹ ያሉበት ክፍል እንደማይገባ ደግሞ ልማልልሽ። ይህን ስትሰሚ ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁ። በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነው። የሚገርመው ሐኪሟም ክፍሎቹን ዝጉበት፣ አይናችሁ በሚያየው ቦታ ብቻ ይዋል ብላናለች። እሷ ለምንጣፉ ብላ፣ አንቺ ለሥዕሉ ብለሽ፣ ሁለታችሁም አንድ ነገር አዘዛችሁኝ።

በረኪናው ላይ ግን አልተስማማንም። «በረኪና ድፋበት» ያልሽኝን ሞክሬ ነበር። ቤቱ አሳል፣ ዓይናችን አለቀሰ። በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ መጥፎ ጋዝ ይፈጥራል ለካ። አሁን ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ ገዝቻለሁ፤ ሽታውን ከሥሩ ነው የሚበላው። እኛ አልሸተተንም ማለት ውሻው አልሸተተውም ማለት አይደለም። ሽታው ካለ እዚያው ይመለሳል።

አሁን ወደ ዋናው ኑዛዜዬ ልምጣ።

ከጥር ጀምሮ በየቀኑ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ እደውልልሻለሁ አይደል? ስትጠይቂኝ የሌሊት ፈረቃ ገባሁ አልኩሽ። ውሸቴን ነው። ደሴ ረፋድ አምስት ሰዓት ሲሆን እዚህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዳቦ ሽቦውን እየቧጨረ የሚያለቅስባት ሰዓት ናት። ካፖርቴን ከፒጃማው ላይ ደርቤ ዛፏ ሥር እቆማለሁ። መንገዱ ባዶ ነው። እስኪሸና ምን ልሥራ? እደውልልሻለሁ። ድሮ ከሥራ ስወጣ አንቺ ተኝተሻል፤ አንቺ ስትነሺ እኔ ልጆች አስተኛለሁ። በሳምንት አንዴ ብናወራ ነበር፣ እሱም እሑድ፣ እሱም ሁሉም ሲንጫጫ። አሁን አንቺ ቡናሽን እየጠጣሽ፣ እኔ ውሻ እየጠበቅኩ እናወራለን። የአባዬን የወጣትነት ታሪክ፣ የአጥሩን ክርክር፣ የሽንኩርቱን ዋጋ፣ ሁሉንም የሰማሁት ዛፏ ሥር ቆሜ ነው። አንድ ቀን «ምንድን ነው የሚያለከልከው?» ስትይኝ ማሽን ነው አልኩሽ። ይቅር በይኝ።

ከትናንት ወዲያ ዳቦ እስከ ንጋት ተኛ። ለመጀመሪያ ጊዜ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ ነቃሁ፣ ሽቦው ጋ ሄጄ አየሁት፣ እሱ ያንኮራፋል። እንደዚያም ሆኖ ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁና ደወልኩልሽ። ያን ቀን ነው ስለ ገብሱ ያወራሽኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እንዳትቆጪ። ባለፈው ክረምት ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄጂ ጭቃው ላይ መውደቅሽን ከእህቴ ነው የሰማሁት። ለእኔ «ትንሽ ጉልበቴን አመመኝ» ብቻ ነበር ያልሽኝ። እኔ በረዶው ላይ እየተንሸራተትኩ ከውሻ ጋር ስወጣ፣ አንቺ ያንን ግቢ በጨለማ ስታቋርጪ ትመጪብኛለሽ። ማነጻጸሬ አይደለም እማዬ፣ እንደዚያ እንዳታደርጊብኝ። ሌሊት ፖፖ ክፍልሽ ይግባ ሲሉሽ «እኔ ሕፃን ነኝ?» ብለሽ እንደተጣላሻቸውም ሰምቻለሁ። እሺ፣ ስለ ፖፖው አልጨቀጭቅሽም።

ዕቃው ውስጥ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ታገኛለሽ። ለዳቦ ብዬ ለራሴ አንድ ስገዛ ላንቺም አንድ ገዛሁ። እጅሽ ነፃ ስለሚሆን በአንዱ ምርኩዝሽን፣ በሌላው ግድግዳውን ትይዣለሽ። መልክሽን አያሳምርም፤ እኔም ማዕድን ቆፋሪ መስያለሁ። ማብሪያው በቀኝ በኩል ነው፤ አንዴ ስትጫኚው ደማቅ፣ ሁለተኛ ስትጫኚው ደብዘዝ ይላል። መለዋወጫ ድንጋዩን በካልሲ ጠቅልዬዋለሁ፣ ካልሲው የልጄ ነው። ባትሪውን ሳጥን ውስጥ እንዳትቆልፊብኝ። ትራስሽ ሥር ይሁን።

ነገ በአምስት ሰዓት እደውላለሁ።

ልጅሽ